መርዶ በስልክ ሲቀድም

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ ወገን የሞተባት ሴት ከቤቷ ሳትወጣ፣ ዘመድና ጎረቤት ከደጇ ራቅ ብለው ይሰባሰባሉ። ማን አፍ እንደሚከፍት አስቀድመው ተመካክረዋል፤ ብዙ ጊዜ የንስሐ አባት ወይም ቤተሰቡ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አይገቡም፤ ጥቁር የለበሰም ወደ ኋላ ይላል፣ ባለቤቲቱ ከአለባበሳቸው ጠርጥራ በር ላይ እንዳትደነግጥ። ከዚያ ትቀመጣለች። ጉልበት ያላቸው ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይጠጓታል፤ ጩኸቱ ሲመጣ ፊቷን እንዳትቧጥጥ፣ ራሷን እንዳትጥል እጇን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

እያንዳንዱ ደንብ ምክንያት አለው። መርዶ ማታ ቢነገር ሐዘንተኛው ሌሊቱን ለብቻው ይጋፈጠዋል፤ ማለዳ ሲሆን ግን ቀኑ ሙሉ ከፊት አለ፣ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛው ይመጣል። መርዶ ነጋሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊትም የሚጠይቁት ነገር አለ፦ ነፍሰ ጡር ናት ወይ? የደም ግፊት አለባት ወይ? ትናንት እህል ቀምሳለች? ይህን ሁሉ አጣርቶ መግባት ጨዋነት ነው። ሰው በሕይወቱ የከፋውን ወሬ ሲሰማ ብቻውን እንዳይሆን አገሩ ሁሉ ተስማምቶ ያወጣው ሕግ ነው።

አሁን ግን ስልኩ ከሽማግሌዎቹ እየቀደመ ነው። ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ፎቶው ከሻማ ሥዕል ጋር ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ "ነፍስ ይማር" ይደረደራል። በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ላይ ያለች ልጅ የአባቷን ሞት የምታየው በምሳ እረፍቷ፣ ከማያውቋት ሰዎች መካከል ቁጭ ብላ ነው። የለጠፈው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ሐዘኑን መግለጹ ነው። ግን ከእሱ በፊት ማልቀስ የሚገባት ልጅ መኖሯን አልጠየቀም። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ ከግቢ መውጣት ለማትችል እህት ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እጇን የሚይዝላት ጎረቤት የለም፣ ሥራውም አይቆምላትም።

ክፉ ወሬ እንዴት ይነገር የሚለው ጉዳይ ሐኪሞችን ሳይቀር አነጋግሯል። አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ እዚያ ያሉ ሐኪሞች ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከባድ የበሽታ ውጤት በቀጥታ ሲናገሩ የሚፈጠረውን ችግር አሳይተዋል። ሐኪሙ ለታማሚው በቀጥታ መናገር ግዴታው ነው። ታማሚውና ቤተሰቡ ግን ክፉ ወሬ አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ እንዲነገር፣ እሱም ጊዜና ቦታ መርጦ እንዲያደርሰው ይጠብቃሉ። ባለሙያዋ የጻፉት ከፌስቡክ መፈጠር ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፤ ጥያቄው ግን ዛሬ ከሆስፒታል ወጥቶ የእያንዳንዱ ሰው እጅ ላይ ደርሷል።

ወጉ ጉድለት የለበትም ማለት አይቻልም። ውጭ አገር የሚኖር ልጅ "ፈተና ላይ ነው"፣ "ሥራ ላይ ነው" እየተባለ የእናቱ ሞት ለወራት ተደብቆበት ያውቃል። ይህ ሰውን መበደል ነው። ቀብር በአገራችን ብዙ አይቆይም፤ በሙስሊሙ ቤትማ ከተቻለ በዕለቱ ይፈጸማል። የዘገየ መርዶ ለወላጅ አፈር የማልበስን ዕድል ይነጥቃል። ስለዚህ ወጉ ይታረም እንጂ አይቅር። ወራት መደበቅ ይቅር፤ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ያለችው የጥቂት ሰዓት ትዕግሥት ትቆይ።

አፈጻጸሙ ከባድ አይደለም። ወሬውን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሟችን ልጆችና ወንድሞች ቆጥሮ ሁሉም ሰምተው እንደሆነ ይጠይቅ። ባሕር ማዶ ላለው፣ አብሮት የሚኖረውን ወይም በቅርብ ያለ ጓደኛውን ፈልጎ ይደውል፤ ጓደኛው አንድ ሁለት ሰው ይዞ እቤቱ ይሂድ። ከስልክ ሌላ መንገድ የሌላት የአረብ አገር ሠራተኛ ከሆነች፣ ደዋዩ የድምፅ መልእክት ጥሎ አይሂድ፤ የት እንዳለች፣ ሥራ ጨርሳ እንደሆነ ይጠይቅ፣ ከነገራትም በኋላ አልቅሳ እስክትረጋጋ መስመሩ ላይ ይቆይ።

እድሮችም እዚህ ላይ ሥራ አላቸው። በአገር ቤትም በዋሽንግተን አካባቢም ያሉት ብዙዎቹ አባሎቻቸውን የሚያገናኙት በቴሌግራምና በዋትስአፕ ቡድን ነው። የድንኳኑንና የመዋጮውን ጉዳይ በመተዳደሪያ ደንባቸው እንደሚወስኑ ሁሉ፣ ቤተሰቡ "መርዶ ጨርሰናል" እስኪል የሟች ስምና ፎቶ በቡድኑ ላይ እንዳይወጣ የሚያዝ አንቀጽ በሚቀጥለው ጉባኤያቸው ቢጨምሩ መልካም ነው፤ ወጉን ለማዳን የሚያስፈልገው የአንድ ስብሰባ ውሳኔ ነው።