ስለ አንጎል ቀዶ ጥገናና ስለ በሽተኛው ቋንቋ

በአንጎል ውስጥ የበቀለውን ዕጢ ለማውጣት የሚነሣ ሐኪም ከሁለት ጭንቅ መካከል ይቆማል። ከዕጢው ቢያስቀር በሽታው ይመለሳል፤ ከልክ አልፎ ቢቆርጥ በሽተኛው ነፍሱ ድኖ አንደበቱ ይዘጋል። የንግግር ሥፍራ በብዙ ሰው ዘንድ በግራው የአንጎል ክፍል መሆኑን ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1861 እና በ1865 ባወጣቸው ጽሑፎች አስረድቷል። ዳሩ ግን ትክክለኛው ቦታ ከሰው ሰው ይለያያልና፥ ከመቁረጥ አስቀድሞ የያንዳንዱን በሽተኛ ለይቶ ማወቅ ግድ ነው።

ለዚህም በሞንትሪያል ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ፔንፊልድ ያስፋፋው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውምና፥ የራስ ቆዳው በመድኃኒት ከደነዘዘ በኋላ በሽተኛው ነቅቶ እንዲነጋገር ይደረጋል። ሐኪሙ በቀላል ኤሌክትሪክ አንጎሉን ለጥቂት ሴኮንድ እየነካ ሥዕል ያስጠይቀዋል፤ ስሙን መጥራት ባቃተው ቦታ ላይ ቁጥር ያለበት ምልክት ይቀመጣል፥ ያም ቦታ ከቢላዋ ይጠበቃል። ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያም ቦታውን አስቀድሞ ያመለክታል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በጥያቄው ላይ የቆመ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ይኖሩባት ከነበረችው ከሰላ ድንጋይ አንድ መሪጌታ በዚህ ሕመም ተይዘው አዲስ አበባ ቢመጡ፥ በባሕር ማዶ የተሣለ ሥዕልም ቢታያቸው፥ ዝም ያሉት ከኤሌክትሪኩ የተነሣ ይሁን ነገሩን ካለማወቅ በምን ይለያል? ባና፥ ሞሰብ፥ ማረሻ፥ ጽናጽል ቢታያቸው ግን ጥርጥሩ ይወገዳል። ዳዊት ይድገሙ ማለትም አይበቃም፤ በቃል የተያዘ ጸሎት ቋንቋቸው በተጎዳ ሰዎች አፍ ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ ይቀራልና፥ መዝሙሩን አሳምሮ እየደገመ የጀበናን ስም የሚያጣ ሰው ይገኛል።

ሰሚውም አማርኛን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሊሆን ይገባል። «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሲነገር ሁለት ቃል መሆኑን ጆሮ እንጂ ፊደል አይነግርም። «አልነገረችኝም» የሚለው አንድ ግስ ደግሞ አድራጊውን፥ ተደራጊውንና አሉታውን አንድ ላይ ይይዛልና፥ ስም ብቻ ጠይቆ ግስን የተወ ፈተና ዋናውን ነገር ትቷል። ኦጄማንና ዊታከር በ1978 ሁለት ቋንቋ የሚያውቁ በሽተኞችን መርምረው አንዱን ቋንቋ የሚያሰናክለው ቦታ ሌላውን ሳይነካ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ስለዚህ በአማርኛ ብቻ የተፈተኑ መሪጌታ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከቤተ ሰባቸው ጋር እየተጫወቱ ግዕዙን ሊያጡ ይችላሉ፤ ኦሮምኛንና አማርኛን አጣምሮ ለሚናገረውም ሰው ሥጋቱ ያው ነው።

በኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች ረዳትነት በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የአንጎል ቀዶ ጥገና ትምህርት የሀገር ልጆችን ለዚህ ሙያ አብቅቷል። ለእነርሱ የሥዕሉን መጽሐፍ ማደራጀት ግን የሐኪም ብቻ ሥራ አይደለም፤ የቋንቋ መምህር፥ የቅኔ ሊቅና ሠዓሊ አብረው ሊቀመጡበት የተገባ ነው። ሥዕሎቹም በመንዝም በጎንደርም፥ በተማረውም ባልተማረውም ጤነኛ ሰው ላይ አስቀድመው ይሞከሩ። በሽተኛው ከቀዶ ጥገናው በፊት ያልለያቸው ሥዕሎችም ከፈተናው ይውጡ። ወጪው የወረቀትና የሠዓሊ ስለ ሆነ፥ በጀት የሚይዘው መሥሪያ ቤት የሚቸገርበት አይመስልም።