ትንሹ ኮሌጅና ትልቁ ዩኒቨርሲቲ

ዕረፍት ባለቀ ቁጥር በነቀምቴ መናኸሪያ የምናየው ነገር አለ። ሻንጣውን አንግቦ ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ልጅ በዘመድ አዝማድ ምርቃት ይሸኛል። እዚሁ ከተማ ኮሌጅ የገባውን ጓደኛውን ግን «ምነው፣ ነጥብ አልመጣልህም?» ይሉታል። እኛም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዚህ ንቀት ተካፋዮች መሆናችንን ሳንደብቅ፣ ስለ ሁለቱ ዋጋና ጥቅም ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ወጪ። ከመካከላችን ብዙዎቹ በነፃ የሚማሩ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ እንዲከፍል ደነገገ። የግል ኮሌጅ ተማሪ ደግሞ ክፍያውን ዛሬውኑ ከወላጆቹ ኪስ ያወጣል። አንዱ ባለዕዳ፣ ሌላው ከፋይ ነው እንጂ በነፃ የተማረ የለም።

በደረሰኝ የማይጻፍ ወጪም አለ። ደምቢ ዶሎ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዚያ ልጁን ወደ መዲናዋ የሚልክ ገበሬ የመሳፈሪያ ብቻ ሳይሆን፣ በቡና ለቀማ ወራት የጎደለበትን የአንድ ሰው ጉልበትም ይከፍላል። ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማረው ልጅ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቅርጫቱን ይዞ ከቤተሰቡ ጋር ይለቅማል።

ወደ ጥቅሙ እንለፍ። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ፣ ሰፊ ቤተ መጻሕፍትና ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ጓደኛ ይሰጣል፤ ይህን የሚክድ የለም። በትንሹ ኮሌጅ ደግሞ መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል፤ ሁለት ቀን ቢቀር «የት ነበርክ?» ይለዋል። ሆኖም ትንሽነት ብቻውን ጥራት አይደለም። መጽሐፍ የሌለው ኮሌጅ የመምህሩ ደግነት ብቻውን አያቆመውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዲግሪ ተመራቂዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ደግሞ የመንግሥትም ሆነ የግል ተማሪ ብሎ አይለይም፤ የግቢውንም ስፋት አይጠይቅም።

ደግሞስ የምንንቀው ማንን ነው? አንደኛ ክፍል ተቀብለው ፊደል ያስቆጠሩን ከየት መጡ? ብዙዎቹ እንደ ነቀምቴው ካለ የመምህራን ኮሌጅ የወጡ ናቸው። ያለ እነርሱ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባላገኘ ነበር። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ሲጀምር ተማሪዎቹ መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ወለጋ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ሥራ ጀምሮ ኋላ ጊምቢና ሻምቡ መድረሱ፣ ትልቁ ወደ ትንሹ ከተማ መሄድ እንደሚችል ያሳያል።

እንግዲህ «የቱ ይሻላል?» የሚለው ክርክር ይብቃን፤ ይልቅስ ያለንን እንካፈል። ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቤተ መጻሕፍትና ላቦራቶሪ ያለው ሁሉ በመታወቂያ ብቻ ለአካባቢው ኮሌጅ ተማሪዎች በሩን ይክፈት። የተማሪዎች ማኅበራችንም የቅዳሜውን የጥናት ጓድ ለእነርሱ ይክፈት። ወንበሩን እኛ እናመጣለን።

ነገ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም በአንድ ጤና ጣቢያ ጎን ለጎን የምንሠራ ሰዎች ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ብናጠና ምን ይጎድልብናል?