ሞያሌን ለመሻገር ቪዛ አያስፈልግም

ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ኬንያዊም ኢትዮጵያ ለመግባት እንዲሁ። ኬንያ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ለአብዛኛው የዓለም ተጓዥ በኢንተርኔት የሚሞላ የቅድሚያ ፈቃድ ስትጀምር እንኳ፣ ኢትዮጵያውያን በቆየው የቪዛ ማስቀረት ስምምነት ምክንያት ከግዴታው ነፃ ሆነዋል። ፓስፖርት የያዘ ሰው ሞያሌ ኬላ ላይ ማኅተም አስመትቶ በጠራራ ፀሐይ ይሻገራል። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ፣ በዲታና በቦንኬ፣ ይህን የሚያውቀው ወጣት ስንቱ ነው?

ደላላው የሚኖረው በዚህ አለማወቅ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በኮንሶና በያቤሎ በኩል ሞያሌ ለመድረስ ያለው ርቀት አዲስ አበባ ከመድረስ እምብዛም አይለይም። በአርባ ምንጭ ሲቀላ መናኸሪያ የቆመ ወጣት ፊቱን ወደ ሰሜን ቢያዞር የአዲስ አበባውን ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ደቡብ ቢያዞር ኬንያን ያያል። የጋሞ ልጅ ለብዙ ዘመን የመረጠው ሰሜኑን ነበር፤ የዶርዜ ሸማኔ ጥበቡን ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ሰፈር መሥርቷል። በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወስደው መንገድ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ሐድያና ከምባታ ናቸው። ነገር ግን የደጋው እንሰት ማሳ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል እየጠበበ ሄዷል፤ የደቡቡን መንገድ የሚጠይቅ ወጣት በጋሞም ቢበዛ ማንንም ሊደንቅ አይገባም።

መንገዱ የት እንደሚያደርስ የታወቀ ነው። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ በቴቴ ግዛት፣ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑም ተነገረ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ሐዘን ነበር፤ ከዚያ ዝምታ ሆነ። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳር የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ሲገኝ፣ ፖሊስ እነርሱም ኢትዮጵያውያን እንደሚሆኑ ገለጸ። ሞያሌን በሌሊት በደላላ የተሻገረ ሰው ኬንያ ውስጥ ቢያዝም መከራው ቀላል አይደለም። የ2011 እ.ኤ.አ. የኬንያ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ በሕገወጥ መንገድ ገብቶ የተገኘን ሰው እስከ 500,000 ሺሊንግ በሚደርስ መቀጫ፣ እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ይህ ሁሉ የሚወርደው ቪዛ እንኳ በማያስፈልገው መግቢያ ላይ ነው።

በእርግጥ ያለቪዛ መግባት ማለት መሥራት ማለት አይደለም። ለጉብኝት የገባ ሰው ናይሮቢ ውስጥ ሊቀጠር ቢፈልግ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያም ውድ ነው። ቢሆንም በሰነድ የገባ ሰው ፖሊስ ሲያስቆመው የሚያሳየው ነገር አለው፤ ችግር ሲገጥመው ኤምባሲ ይሄዳል፤ ተስፋ ሲቆርጥ በገባበት በር ይመለሳል። ሰነድ የሌለው ግን ከአንዱ ደላላ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ታዲያ ፓስፖርቱስ? በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መደበኛው ፓስፖርት ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል፤ በሁለት ቀን የሚደርሰው አስቸኳይ 25,000 ብር ሆኗል። አገልግሎቱ ወጪ አለበት፣ ዶላርም ተወዷል፤ ይህ ይገባል። ዳሩ ግን አንድ ሙሉ ነጠላ ሸምኖ ገበያ ለሚያወጣ የደጋ ልጅ፣ በዚያ ላይ የጉዞና የአልጋ ወጪ ሲጨመርበት፣ ቪዛ የማስቀረቱ ስምምነት የተጻፈው ለሌላ ሰው ነው።

በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የሞያሌን የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ መርቀው ከፍተዋል። የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው መንገደኛውንና ጭነቱን በአንድ ጊዜ እንዲፈትሹ የታሰበ ነው። ለጭነት መኪና ትልቅ እፎይታ ነው። ለቦረና አርብቶ አደር፣ ለሞያሌ ነጋዴና ከጋሞ ለሚመጣው ወጣት ግን ሕንፃው ብቻውን የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ከዚህ የከበደው የዜግነቱ ጉዳይ ነው። ሞያሌ ሁለት አገር የሚጋራት ከተማ ናት፤ ቦረናም ገሪም በሁለቱም በኩል ይኖራል፣ ይጋባል። የኬንያ የ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነትን ይፈቅዳል። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን አይፈቅድም፤ ከአንድ ኢትዮጵያዊና ከአንድ ኬንያዊ ወላጅ የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ካልተወ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ይደነግጋል። አዋጁን አንብቦ የማያውቅ የ19 ዓመት ወጣት ዝምታው እንዴት ፈቃድ ሊባል ይችላል? ሕጉ መታረም አለበት፤ ቢያንስ በድንበር ላሉ ቤተሰቦች የምርጫው ጊዜ ሊረዝምና አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ኢትዮጵያ በጥምር ዜግነት ላይ ያላት ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ አይጠፋም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ማን የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ በውል ያልተለየበት ዘመን ነበር። ወደ 75,000 የሚጠጉ ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ፤ ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጡ። የሁለቱ አገሮች የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ብዙዎቹ በጊዜው የሁለቱም አገር ዜጎች እንደነበሩ ተቀብሏል፤ ከፊሎቹ ዜግነታቸውን የተነጠቁበት መንገድም ሕግን የጣሰ እንደነበር ገልጿል። ትምህርቱ በሰላም ጊዜ ደንቡን ግልጽ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከኬንያ ጋር ደግሞ ሰላም አለ፤ ወሰኑም በ1970 እ.ኤ.አ. በውል ተፈርሟል።

ኬንያም በበኩሏ የሠራችው አለ። በሰሜን የሚኖሩ ዜጎቿ መታወቂያ ለማግኘት ሌላው ኬንያዊ የማያልፍበትን ማጣሪያ ያልፉ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሩቶ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዋጂር ላይ አንሥተውታል። አዲስ አበባ ተመሳሳይ ድፍረት ቢኖራት፣ በድንበር አቅራቢያ ላሉ ዞኖች አነስተኛ ክፍያ ያለው፣ ለኬንያ ብቻ የሚያገለግል የጉዞ ሰነድ መስጠት አያቅታትም ነበር። የኢጋድ ሚኒስትሮች በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ የተቀበሉት የነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል አሳቡ ይኸው ነው፤ ግን እስካሁን ወደ ሥራ አልገባም።

እስከዚያው የሚሠራ ነገር ጋሞ ውስጥ አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሱት ሽማግሌዎች ናቸው። የእነርሱን ቃል ወጣቱ ይሰማል። በየዱቡሻው፣ ጉዳይ በሚመከርበት አደባባይ፣ የኬንያ መግቢያ ደንብና የቅጣቱ ልክ ከሽማግሌ አፍ ቢነገር፣ ደላላው የሚሸጠው ሐሰት ገበያ ያጣል። ዞኑ ይህን ለመጀመር የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። የፓስፖርት ክፍያውን ነገር ግን ጋሞ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የላካቸው እንደራሴዎች ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በግልጽ ሊያቀርቡት ይገባል፤ መልሱንም ለመራጩ ይዘው ይምጡ።