ሦስቱ ሰርቨሮች በአንድ ቤት፣ ቅጂያቸው በሌላ ከተማ

ባለ ሱቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሚዛንና መደርደሪያ ነው። ዛሬ ግን በብቸናም ሆነ በሞጣ የዱቤው መዝገብ፣ የዕቃው ቁጥርና የግብሩ ሒሳብ ከደብተር ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር የገባባቸው ቤቶች አሉ። ስለዚህ የሰርቨር ነገር የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አሳብ አልቀበለውም። በዚህች አጭር ጽሑፍ አስተያየቴን ለመግለጽ የምወደው፣ አነስተኛ ነጋዴ ያረጁ ሰርቨሮቹን ወደ ቨርችዋል ማሽን ያዛውር ወይስ አያዛውር በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መልሴም ያዛውር፤ ነገር ግን ቅጂውን በሌላ ከተማ ለማስቀመጥ ሳይወስን አይጀምር የሚል ነው።

ሰርቨር ማለት መዝገብ የሚጠብቅና ሌሎች ኮምፒዩተሮች ሲጠይቁት የሚያቀብል ኮምፒዩተር ነው። ቨርችዋል ማሽን ደግሞ በአንድ ብርቱ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። ነገሩ አንድ ሰፊ ቤት ሠርቶ፣ በግድግዳ ከፍሎ ለሦስት ተከራይ እንደ ማከራየት ያለ ነው፤ ጣሪያው አንድ ሲሆን እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና ቁልፍ አለው። ቤቱን የሚያከፋፍለው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ይህ ጥበብ የትናንት አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በትልልቅ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ሲሞክረው ቆይቶ በ1972 ቪኤም/370 በሚል ስም ለደንበኞቹ አቀረበው። በተራ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ በማድረግ ያስፋፋው ቪኤምዌር የተቋቋመው በ1998 ነው።

ለምሳሌ ያህል የአጎቴን ሱቅ ላንሣ። አጎቴ በሞጣ የጽሕፈት መሣሪያና የኅትመት ሱቅ አላቸው፤ በብቸናም ቅርንጫፍ ከፍተዋል። በሞጣው ሱቅ ጓዳ ሦስት ያረጁ ኮምፒዩተሮች ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። አንደኛው ሒሳቡን በፒችትሪ ይይዛል፤ ሁለተኛው የዕቃውን ገቢና ወጪ፣ የዱቤውንም መዝገብ ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ደንበኞች ያሠሯቸውን የሠርግ ካርዶችና ማኅተሞች ያኖራል። ሦስቱም መብራት ይበላሉ፤ መብራት ሲጠፋ ሦስቱም በየዩፒኤሳቸው ይጮኻሉ። ፒችትሪን የሚሸጠው ኩባንያ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከለወጠው ዓመታት አልፈዋል። የአጎቴ ቅጂ የሚሠራው በዊንዶውስ 7 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ለዚህ ዊንዶውስ ይሰጠው የነበረውን ጥገና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 አቁሟል። ኮምፒዩተሩ ቢሞት አዲሱ ኮምፒዩተር አሮጌውን ፕሮግራም አልቀበልም ሊል ይችላል። ወደ ቨርችዋል ማሽን ቢዛወር ግን አሮጌው ዊንዶውስ ከነፕሮግራሙ በአዲሱ ቤት ይኖራል። ከኢንተርኔት መለየቱ ግን ግዴታ ነው፤ ጥገና የሌለው በር ለሌባ ክፍት ነውና።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሁሉንም ወደ ክላውድ ስደዱትና ዕረፉ» ይሉኛል። ክላውድ መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ጊዜ መዝገቡ ሩቅ አገር የነበረ ነጋዴ የገዛ ሒሳቡን ማየት ባልቻለ ነበር። ከሞጣ ወደ አንዳቤት የሚያሻግረው፣ በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ሲነሣ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስት ስለ ፈረሰ መንገደኛው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር እንደ ነበር ይነገራል። መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነ መካከሉ ሲሰበር በሁለት ዳር ቆመው የሚተያዩ ሰዎች እንኳ ይራራቃሉ። ስለዚህ ዋናው ሰርቨር ባለ ሱቁ በእጁ ሊነካው ከሚችልበት ቦታ ይሁን እላለሁ።

ይህን ስል ግን አደጋውን አልደብቅም። ሦስት ኮምፒዩተሮች ሳሉ አንዱ ቢሞት ሁለቱ ይተርፋሉ፤ ሦስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ከገቡ በኋላ ጣሪያው ቢወድቅ ሦስቱም ይወድቃሉ። መድኀኒቱ የሚገኘው ከዚያው ከጥበቡ ነው። ቨርችዋል ማሽን በዲስክ ላይ ሲታይ ፋይል ነው፤ ፋይል ደግሞ ይገለበጣል። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ ሦስቱን ሰርቨሮች በአንድ ትንሽ ሃርድ ዲስክ ሊያጓጉዝ ይችላል። በየሳምንቱ አንድ ዲስክ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ በታመነ ሰው እጅ ወደ ብቸና ይሂድ፤ ያለፈው ሳምንት ይመለስ። በብቸናም በወር አንድ ጊዜ ቅጂው ተከፍቶ ይሞከር፤ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ለእኔ የመብራት ቁጠባው ትንሹ ጥቅም ነው፤ ትልቁ ጥቅም ሰርቨሩ ተጓዥ መሆኑ ነው።

ስለ ወጪው የሚጨነቁ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ኬቪኤም የተባለው ሃይፐርቫይዘር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ አካል ነው፤ በእርሱ ላይ የተሠራው ፕሮክስሞክስም በ2008 ወጥቷል፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ቪኤምዌርን ግን ብሮድኮም በኖቬምበር 2023 ከገዛው በኋላ አንድ ጊዜ ከፍሎ ለዘለቄታው መያዝ ቀርቶ በየጊዜው የሚከፈል ሆኗል። ትንሽ ነጋዴ በእንዲህ ያለ ዕዳ ባይታሰር ይሻለዋል። ገንዘቡን በቂ ራም ባለው ኮምፒዩተር፣ በሁለት ሃርድ ዲስኮችና በአንድ ደኅና ዩፒኤስ ላይ ያውለው። ሲዛወርም አሮጌውና አዲሱ በአንድ ጊዜ በኔትወርኩ ላይ አይከፈቱ፤ ስማቸውና አድራሻቸው አንድ ስለ ሆነ ይጋጫሉ። አሮጌው ኮምፒዩተር የወሩ ሒሳብ በአዲሱ እስኪዘጋ ድረስ ጠፍቶ ይቀመጥ እንጂ ቶሎ አይሸጥ።

«እስከ ዛሬ ሠርቷል፤ ምን አስቸኰላችሁ?» ለሚሉን ታላላቆቻችን መልሱን እነርሱው አስተምረውናል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸም ብለዋል። በዱቤ ደብተርና ቀለም ወስዶ ከፍሎ የጨረሰ ገበሬ፣ ክፍያው ከመዝገብ ቢጠፋ የሚጣላው ከኮምፒዩተሩ ጋር ሳይሆን ከባለ ሱቁ ጋር ነው። በሰርቨሩ ውስጥ ያለው የሰው አደራ ነውና። እንግዲህ የኮምፒዩተር ትምህርት የምንማር ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን ወደ አንድ የዘመድ ሱቅ ገብተን አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ፦ «ይህ ኮምፒዩተር ዛሬ ማታ ቢቃጠል መዝገቡ ሌላ የት አለ?» መልሱ «የትም» ከሆነ ሥራችን ከዚያ ይጀምራል።