ማዞር ሁሉ ወባ አይደለም

በመተማ ቆላ አንድ የቀን ሠራተኛ «ያዞረኛል፣ ጆሮዬም ጭው ይላል» ካለ መልሱ የታወቀ ነው፦ ወባ ነው፤ ካልሆነም ፀሐዩ ነው። ወባ በእርግጥ ያዞራል፣ መመርመሩም ግድ ነው። የሚያናድደኝ፣ ደሙ ተመርምሮ ወባ ከጠፋበት በኋላም «ምን ዋጥህ? ምን ተወጋህ?» ብሎ የሚጠይቀው መታጣቱ ነው።

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋል። አጫጁ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይውላል፣ ማታ ወገቡ አላስተኛ ይለዋል። እንዲህ ላለው ሰው ትራማዶል «ማስታገሻ ብቻ» ተብሎ ሲሰጠው ዝም ማለት አይገባም። ትራማዶል ከሞርፊን ወገን ነው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሸጥም አይገባም። ማዞር ከተለመዱ ጉዳቶቹ አንዱ ነው፤ ሲበዛም ያንቀጠቅጣል። ከዚሁ ወገን የሆኑ መድኃኒቶችን ያለ ልክ የወሰዱ ሰዎች ድንገት መስማት እንደተሳናቸው በሕክምና ተመዝግቧል፤ አንዳንዶቹም ጆሯቸው አልተመለሰም።

ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ካላ-አዛር የተባለው በሽታ ሕክምና ነው። ከደጋ ለሥራ ወርዶ በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ በዚህ በሽታ የታመመ ወጣት ከመተማ እስከ አብደራፊ ባሉ የሕክምና ተቋማት 17 ቀን በየዕለቱ ሁለት መርፌ ይወጋል፤ አንደኛው ፓሮሞማይሲን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ጥምረት ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ሕይወት ያድናል፤ ካላ-አዛር ካልታከመ ይገድላልና ይቅር የሚል ሰው የለም። ሆኖም ፓሮሞማይሲን በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ስስ የስሜት ሕዋሳት ሊገድል ይችላል፤ እነሱ ደግሞ ከሞቱ አይተኩም። መስማትና ሚዛን የሚጠበቁት በዚያው ስፍራ ስለሆነ ሰውየው ሊደነቁርም፣ ሊንገዳገድም ይችላል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። የሰው ወሬ ገና ስለሚሰማው ታማሚው ራሱ አይነቃም።

«ነፍሱ ከተረፈ ጆሮው ምን አላት?» የሚሉኝ አሉ። የቀን ሠራተኛ የሚኖረው በአካሉ ነው፤ የትራክተር ድምፅ ካልሰማ፣ ጨለማ ላይ መቆም ካቃተው ማን ይቀጥረዋል? ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ጆሮውን መፈተሽ፣ በየጠዋቱም «ይጮህብሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ጉዳቱ አንዳንዴ የሚወጣው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ልጁ ደጋ አገሩ ገብቷል። ስለዚህ ካርዱ ላይ የመድኃኒቱ ስምና የተወጋባቸው ቀናት ተጽፈው ይሰጡት፤ ጆሮው ሲጮህ የት መሄድ እንዳለበትም ይነገረው።