ከፀጉር ወደ ልብስ

የዚህ ዕትም ዐቢይ ርእስ የሰው ልጅ ገላ የተራቆተበትና በኋላም በልብስ የተሸፈነበት ረጅም ሂደት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ የሰው ቅድመ አያቶች በአፍሪካ ሣራማ ሜዳዎች በፀሐይ ሐሩር ረጅም መንገድ መጓዝና መሮጥ ሲጀምሩ፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱት የላብ ዕጢዎች የሚያመነጩት ላብ በቀላሉ እየተነነ ሰውነትን እንዲያቀዘቅዝ፣ የገላ ፀጉር እየቀጠነና እያጠረ ሄደ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

ልብስ በስብሶ ስለሚጠፋ የመጀመሪያውን ለባሽ ዘመን ከመሬት ቆፍሮ ማግኘት አዳጋች ነው፤ ስለዚህ ዋናው ምስክር፣ ለሰሚው ቢያስገርምም፣ ቅማል ሆኗል። የራስ ቅማል ቅጫሙን በፀጉር ላይ ሲያጣብቅ የልብስ ቅማል ግን በስፌት እጥፋት ውስጥ ስለሚጥል፣ ሁለቱ የተለያዩበት ዘመን ልብስ የተለመደበትን ጊዜ ይጠቁማል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የባሕርይ መረጃ፣ ጥናት ዘመኑን ከዛሬ 170,000 ዓመት ገደማ በፊት አድርጎታል። የገላው መራቆት ግን ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሆኑ ስለሚገመት፣ ሰው ያለ ፀጉርም ያለ ልብስም የኖረበት ይህ እጅግ ሰፊ ክፍተት ከሁሉ ይልቅ ምርምር የሚገባው ነው። የልብስ ቅማል በኢትዮጵያ ዛሬም የሚያስተላልፈው ግርሻ፣ ማለትም እየተመላለሰ የሚነሳ ትኩሳት፣ በመጨረሻው ጽሑፍ ተመርምሯል።