ሳያዩ መፍረድ

«ይህንስ ሕፃን ልጅም ይሥለዋል» ብሎ የሚሥቅ ሰው ብዙ ነው። ኩቢዝም የሚባለውን ሥዕል በመጽሐፍ ላይ ባገኘ ጊዜ በጨረፍታ አይቶ ገጹን ይገለብጣል። ሌላው ደግሞ ምንም ሳይገባው፣ ያልሠለጠነ እንዳይባል ብቻ «ዕጹብ ድንቅ!» ይላል። ፊተኛው በትዕቢት፣ ኋለኛው በፍርሃት ይናገራል፤ ሁለቱም ግን ሥዕሉን አላዩትም።

ለምሳሌ ያህል ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦርዥ ብራክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. የሠራውን «የፍራፍሬ ማቅረቢያና ብርጭቆ» እንመልከት። በወረቀት ላይ በከሰል የተሠመሩ መሥመሮች አሉ፤ ከእነርሱም ጋራ የእንጨት መልክ የታተመባቸው የግድግዳ ወረቀት ቁራጮች ተለጥፈዋል። ቸኩሎ ያየ «ዝብርቅርቅ ነው» ይላል። ታግሦ ያየ ግን የወይን ዘለላና ብርጭቆ ያገኛል፤ ከታች የተለጠፈው ቁራጭም የጠረጴዛ መሳቢያ መሆኑን ከክብ እጀታው ያውቃል። በላቲን ፊደል የተጻፈው «ባር» የሚለው ቃልም ቦታው መጠጥ ቤት መሆኑን ያመለክተዋል።

ብርጭቆው ስለ ምን ተቈራረጠ? ከላይ ቁልቁል ቢያዩት አፉ ክብ ነው፤ ከጎን በትክክል ቢያዩት ክቡ ጠፍቶ መሥመር ይሆናል። እውነተኛው ማንኛው ነው? ሁለቱም ናቸው። ሠዓሊው ባንድ ቦታ ቆሞ ያየውን ብቻ ሳይሆን፣ ዞሮ ያየውን ሁሉ ባንድ ወረቀት ላይ ሰበሰበው።

«ሥዕል የነገሩን መልክ መምሰል አለበት» የሚል ቢኖር እኔም እጠይቀዋለሁ፤ በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ከሓዲው ባንድ ዓይን ብቻ ሲሣል፣ «ሠዓሊው ዓይን ረሳ» የሚል አለን? የለም፤ ትርጓሜውን ከአባቶቻችን ተምረናልና። ያልተማርነውን ግን ስሕተት እንለዋለን። «ኩብ» የሚለው ስም ራሱ በ1908 ሉዊ ቮክሴል የተባለ ሐያሲ የብራክን ሥዕሎች ሲያቃልል የጻፈው ነው፤ ፌዙ አልፎ ሥራው ቀረ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሥዕል ውደደው አልልህም። አይቶ መጥላት መብት ነው፤ ሳያዩ መጥላት ግን ስንፍና፣ ሳያዩ ማመስገንም ውሸት ነው። ነገሩም የብርጭቆ ብቻ አይደለም። ብርጭቆን ባንድ ወገን አይቶ መፍረድ የለመደ ሰው፣ ነገ ዳኛ ሲሆን ከሳሽን ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል፤ ባልንጀራውንም ባንድ ቀን ስሕተቱ ይመዝነዋል። ስለዚህ አስቀድመህ ያየኸውን ቍጠር፤ ቀጥለህ ጠይቅ፤ ፍርድህን የመጨረሻ አድርገው።